አንድ ዲናሞና ሁለት ባትሪ፤ በጀልባ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል አከፋፈል ታሪክ

የኤሌክትሪክን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ብዙውን ገጽ የሚሰጡት ኃይሉን ላመነጩት ሊቃውንት ነው። ኃይሉ ከመነጨ በኋላ ለማን ይድረስ፥ ምን ያህል ይድረሰው፥ ከደረሰውስ በኋላ ተመልሶ እንዳይወሰድበት በምን ይጠበቅ የሚለው ጥያቄ ግን የሠራተኛ ጉዳይ ነው ተብሎ ወደ ጎን ይተዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን የተተወውን ክፍል ነው። ለምርመራችንም የመረጥነው ቦታ ጠባብ ነው፤ ይኸውም አንድ ሞተር፥ በሞተሩ የሚዞር አንድ ዲናሞ፥ ከሁለት የማያንሱ የባትሪ ምድቦችም ያሏት ትንሽ የባሕር ጀልባ ናት። የቦታው መጥበብ ለጥናታችን ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም በባሕር መካከል የጎደለውን ኃይል የሚያበድር ጎረቤት ስለሌለ የአከፋፈሉ ስሕተት ወዲያው ይታያል።

አስቀድመን ችግሩን በቁጥር እንግለጸው። የአንዲት መካከለኛ ጀልባ ሞተር ሲነሣ ሞተሪኖው 200 አምፔር ያህል ለ5 ሴኮንድ ይስባል ብንል፥ ከባትሪው የወጣው 1,000 አምፔር ሴኮንድ ነው፤ ይህም በሰዓት ሲመነዘር ከ0.3 አምፔር ሰዓት አይበልጥም። በሌላ በኩል ጀልባዋ መልሕቋን ጥላ ስታድር ሌላ መርከብ መጥቶ እንዳይገጫት በምሰሶዋ ላይ የሚበራው መብራት 10 ዋት ቢሆንና በ12 ቮልት ባትሪ 10 ሰዓት ቢበራ 8.3 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። እንግዲህ አንዲት ደካማ መብራት በአንድ ሌሊት የምትጨርሰው ኃይል ሞተሩን ወደ 30 ጊዜ ያህል ለማስነሣት የሚበቃ ነበር ማለት ነው። ሰው ሁሉ ባትሪን የሚገድለው ያ ሲጮኽ የሚሰማው ሞተሪኖ ይመስለዋል፤ ሒሳቡ የሚያሳየን ግን ሌላ ነው። ባትሪውን የሚያደርቁት መብራቱ፥ ራዲዮውና የምግብ ማቀዝቀዣው ናቸው፤ እነርሱም የሚጎዱት ድምፅ ሳያሰሙ ነው። በነጋታው ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዋን ወደ ድንጋያማ ዳርቻ ሲገፋት ቁልፉ ቢዞር ሞተሩ ዝም ይላል።

ስለዚህ የጀልባ ሰዎች ባትሪውን ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ምድብ ሞተር ለማስነሣት ብቻ የተለየ ሆነ፤ ይህ ባትሪ በአንድ አፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ቀጫጭንና ብዙ የእርሳስ ሳህኖች ይኖሩታል። ሁለተኛው ለመብራትና ለሌላው አገልግሎት ሆነ፤ የዚህኛው ሳህኖች ወፍራሞች ናቸው፤ ቀስ ብሎ ጥልቅ ድረስ ቢወጣበትም ይታገሣል። በዚህ ረገድ አንባቢው ከጭነት መኪና ጋር እንዳያምታታው እናሳስባለን። በከባድ መኪና ላይ የምናያቸው ሁለት ባትሪዎች ብዙ ጊዜ በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት የሚሰጡ ስለሆኑ እንደ አንድ ባትሪ ይቆጠራሉ፤ የእኛ ጥያቄ ግን እያንዳንዳቸው ስለራሳቸው የሚኖሩ ሁለት ምድቦችን የሚመለከት ነው።

ባትሪው ተከፈለ፤ ዲናሞው ግን አንድ ነው። ሁለቱን ምድቦች በሽቦ አያይዘን ከዲናሞው ጋር ብናገናኛቸው፥ ሞተሩ በቆመ ጊዜ የሞላው ወደ ጎደለው ይፈሳል፤ መብራቱም ከሁለቱም ይበላል፤ መከፈላቸው ከንቱ ይሆናል። ለያይተን ዲናሞውን ለአንዱ ብቻ ብንሰጠው ደግሞ ሌላው ሳይሞላ ይቀራል። በሚሞሉበት ጊዜ እንዲገናኙ፥ በሚሰጡበት ጊዜ እንዲለያዩ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምንተርከው ታሪክ ሁሉ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር በብረትና በሽቦ ለመጻፍ የተደረገው ሙከራ ነው።

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀልባና ኤሌክትሪክ የተገናኙት ዲናሞ ሳይኖር ነው። ሞሪትዝ ያኮቢ በ1838 በሴንት ፒተርስበርግ በኔቫ ወንዝ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ ጀልባ አሳይቶ ነበር፤ ነገር ግን ባትሪዎቹ ዚንክ እየበሉ የሚሠሩ ስለነበሩ ዚንኩ ሲያልቅ በሌላ መተካት እንጂ መልሶ መሙላት የሚባል ነገር አልነበረም። የሚሞላውን ባትሪ የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። በ1859 ሁለት የእርሳስ ቅጠሎችን ጠቅልሎ በቀጭን የሰልፈር አሲድ ውስጥ ነከራቸው፤ ኃይል ሲገባባቸው ይይዛሉ፥ ሲፈለግም ይመልሳሉ። የሚያስገርመው ፕላንቴ ይህን ባትሪ የሚሞላው በሌሎች ባትሪዎች መሆኑ ነው፤ የሚሞላ ዕቃ ተገኘ፥ የሚሞላው ምንጭ ግን ገና አልደረሰም። የዜኖብ ግራም ዲናሞ በፓሪስ የቀረበው በ1871 ነው። በ1881 ካሚል ፎር የእርሳሱን ሳህን በእርሳስ ኦክሳይድ ለጥፎ ባትሪውን በፋብሪካ በብዛት ለመሥራት የሚመች አደረገው። በዚያው ዓመት ጉስታቭ ትሩቬ በሴን ወንዝ ላይ፥ በሚከተለው ዓመት ደግሞ እንግሊዞች በቴምዝ ላይ በኤሌክትሪክ ጀልባ ሄዱ። በ1893 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ከ50 የሚበልጡ የኤሌክትሪክ ጀልባዎች ተመልካቹን በውሃ ላይ ያመላልሱ ነበር።

እነዚህ ጀልባዎች ባትሪ እንጂ ዲናሞ አልጫኑም። ዲናሞው በየብስ ነው፤ ጀልባዋ ሲደክማት ወደ እርሱ ትመለሳለች። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል በ1888 በቱሎን ውሃ ላይ ያወረደው ጂምኖት የተባለው ሰርጓጅ መርከብ 564 የባትሪ ሴሎች ይዞ ነበር፤ በውስጡ መሙያ ስላልነበረው ግን ከወደቡ ርቆ ሊሄድ አይችልም። ይህን ሰንሰለት የበጠሰው የጆን ሆላንድ ሰርጓጅ ሲሆን የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1900 ገዝቶታል። በላዩ ሲሄድ የቤንዚን ሞተር ይሠራል፤ ያው ሞተር የኤሌክትሪኩን ሞተር ሲያዞረው ይህ ደግሞ በተራው ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ከዚያ ወዲህ ባሕር ላይ ያለ ሰው ኃይሉን ራሱ እያመነጨ ራሱ ማከፋፈል ግዴታው ሆነ።

ባትሪን በምድብ መክፈልም ከሰርጓጆች ዘንድ በግልጽ ይታያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበሩት የአሜሪካ ትልልቅ ሰርጓጆች እያንዳንዳቸው 126 ሴል ያላቸው ሁለት ባትሪዎች ከፊትና ከኋላ ይዘው ነበር፤ የጀርመኖቹ ሰባተኛ ዓይነት ሰርጓጆችም እያንዳንዳቸው 62 ሴል ያላቸው ሁለት ነበሯቸው። የመለያየቱ ምክንያት በቀላሉ ይገባል። የባሕር ውሃ ወደ ባትሪው አሲድ ሲገባ ክሎሪን የተባለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ አንደኛው ክፍል ቢጥለቀለቅ ዘግተውት በሌላው ይተርፋሉ። ሆኖም በሰርጓጅ ላይ ቀንና ሌሊት በማብሪያ ሰሌዳው ፊት የሚቆም ባለሙያ አለ፤ የቱ ምድብ ሞላ፥ የቱ ጎደለ፥ የቱ ይቆረጥ የሚለውን በዓይኑ እየተመለከተ በእጁ ያከናውናል። ቤተሰቡን ይዞ ለሁለት ቀን በጀልባ የሚወጣ ሰው ይህን ባለሙያ ከየት ያመጣዋል? የኋለኛው ዘመን መሣሪያዎች ሁሉ በእውነቱ የዚህን ሰው እጅና ዓይን ለመተካት የተሠሩ ናቸው።

በየብስ ላይ አንድ ሌላ ምሳሌ አለ፤ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ስለሆነ እናነሣዋለን። ቻርልስ ኬተሪንግ ለ1912ቱ ካዲላክ መኪና የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ያው አንድ መሣሪያ ሞተሪኖም ዲናሞም ነበር። ሞተሩን ለማስነሣት የባትሪው ምድቦች በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ጎን ለጎን ታስረው በ6 ቮልት ይሞላሉ። ምድቦች ሲሰጡ አንድ ዓይነት፥ ሲቀበሉ ሌላ ዓይነት ትስስር እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል በዚህ ታወቀ። ካዲላክ የተወው ቶሎ ነው፤ አሳቡ ግን አልጠፋም።

የዚያ ዘመን ዲናሞ አንድ ሌላ ጠባይም ነበረው። ሞተሩ ሲቆም ወይም ዝግ ሲል ባትሪው ዲናሞውን እንደ ሞተር ለማዞር ኃይሉን መልሶ ያፈስሳል። ይህን ለመከልከል ካታውት የሚባል ትንሽ ማግኔታዊ ማብሪያ ገባ፤ የዲናሞው ቮልት ከባትሪው ሲበልጥ ያገናኛል፥ ሲያንስ ይቆርጣል። ይህ ትንሽ ዕቃ ባትሪውን ከራሱ ዲናሞ የሚጠብቅ በረኛ ነበር። ኋላ ባትሪን ከባትሪ ለመጠበቅ የተሠሩት ሁሉ የእርሱ ልጆች መሆናቸውን አንባቢው ያስተውላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በዳዮድ ነው። በ1940 በቤል የስልክ ምርምር ተቋም ራስል ኦል በሲሊኮን ውስጥ ኃይል ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፈውን ድንበር አገኘ፤ በ1950ዎቹ ዓመታት ብዙ አምፔር የሚሸከሙ የሲሊኮን ዳዮዶች ተሠሩ፤ ክራይስለርም በ1960 ቫሊያንት በተባለው መኪናው ላይ ከዲናሞ ይልቅ አልተርኔተርን መደበኛ አደረገ። (በእኛ ጋራዦች ሁለቱም ዲናሞ ይባላሉ፤ መካኒኩን አንወቅሰውም፤ ሥራቸው አንድ ነውና።) አልተርኔተር የሚያመነጨው ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስ ኃይል ነው፤ በጀርባው ያሉት ስድስት ዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሱታል፤ ኃይሉ ከባትሪው ወደ ኋላ እንዳይፈስም እነርሱው ስለሚያግዱት ካታውት አያስፈልገውም። ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲዞርም ከዲናሞ የተሻለ ኃይል ይሰጣል። ለጀልባ ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነበር፤ ምክንያቱም ሸራ ያላት ጀልባ ሞተሯን የምታስነሣው ከወደብ ለመውጣትና ለመግባት ያህል ብቻ ነው፤ ባትሪዎቹም በዚያች አጭር ጊዜ መሞላት አለባቸው።

በዚህ ጊዜ በየጀልባው የተለመደው ማከፋፈያ አራት ቦታ ያለው ክብ ማብሪያ ነው፤ ቦታዎቹም «1»፥ «2»፥ «ሁለቱም» እና «ዝግ» ናቸው። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ውስጡ መዳብ ብቻ ስለሆነ የሚባክን ቮልት የለም ማለት ይቻላል። ጉድለቱ ሁሉ ያለው ከሚያዞረው ሰው ላይ ነው። ሲሄዱ «ሁለቱም» ላይ አድርገው፥ መልሕቅ ሲጥሉ ወደ «2» መመለስን ከረሱ ሁለቱም ባትሪዎች በአንድነት ደርቀው ያድራሉ። ከዚህ የከፋም አለ። ሞተሩ እየሠራ ማብሪያው «ዝግ» በሚለው ላይ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ ቢያልፍ አልተርኔተሩ የሚያፈስበትን ባትሪ በድንገት ያጣል፤ ቮልቱም ከ14 ተነሥቶ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ዳዮዶቹም ይቃጠላሉ። የድሮው ዲናሞ እንዲህ ያለውን በደል ከዚህ በተሻለ ይችል ነበር። ስለዚህ ማብሪያውን የሠሩት ሰዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር አዲሱን ሳይነካ አሮጌውን የማይለቅ እንዲሆን አደረጉ፤ ሌሎችም ወደ «ዝግ» ከመድረሱ በፊት የአልተርኔተሩን ማግኔት የሚያጠፋ ትንሽ ሽቦ ጨመሩበት።

የሰው መርሳት ምን እንደሚያስከትል ባሕር ሳናይም እናውቃለን። በተማርንበት የሚሲዮን አዳሪ ቤት ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት የሚሠራ አንድ ሞተር ነበረ፤ እርሱ ሲጠፋ ሌሊቱን በባትሪ እናሳልፍ ነበር። አንዱ ባትሪ የራዲዮ፥ ሌላው የሕሙማን ክፍል መብራት ነው። አንድ ምሽት ሁለቱን ለመሙላት ያገናኘ ሰው ሽቦውን ሳይፈታ ተኛ፤ ተማሪውም እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ አዳመጠ። ሕሙማኑ በሻማ አደሩ።

አልተርኔተሩን የወለደው ዳዮድ ለዚህም መድኃኒት ሆኖ ቀረበ። ከአልተርኔተሩ የሚወጣው ሽቦ በሁለት ዳዮዶች ተከፍሎ አንዱ ወደ አንደኛው፥ ሌላው ወደ ሁለተኛው ምድብ ይሄዳል። ኃይል ወደ ሁለቱም ይገባል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ግን መሻገሪያ የለም። ማንም የሚያዞረው፥ ማንም የሚረሳው ነገር የለውም። በወረቀት ላይ ሲታይ ጥያቄው ፈጽሞ የተፈታ ይመስላል።

ነገር ግን ዳዮድ ለማሳለፊያ ቀረጥ ያስከፍላል። የሲሊኮን ዳዮድ ኃይል ሲያልፍበት 0.7 ቮልት ያህል ያስቀራል፤ አምፔሩ ሲበዛም ከዚያ በላይ ይሆናል። አልተርኔተሩ 14.2 ቮልት ቢሰጥ ባትሪው ዘንድ የሚደርሰው 13.5 ነው። ይህ ልዩነት ለማያውቅ ሰው ትንሽ ይመስላል። ሞልቶ ያረፈ የ12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 12.7 ቮልት ያህል፥ ግማሹ የወጣበት ደግሞ 12.2 ያህል እንደሚያሳይ ስናስብ ግን የባትሪው ሕይወት በሙሉ ያለው በነጥብ አምስት ቮልት ውስጥ መሆኑን እንረዳለን። በ13.5 ቮልት የሚሞላ ባትሪ በረዥም ጊዜ ይሞላ ይሆናል፤ ሞተሩ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ በሚሠራበት ጀልባ ላይ ግን ሁልጊዜ እንደ ጎደለ ይኖራል። ጎድሎ የሚኖር የእርሳስ ባትሪም በሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት እየጠነከረበት ይሞታል። የጠፋው ቮልት ደግሞ ሙቀት ይሆናል፤ 50 አምፔር በ0.7 ቮልት 35 ዋት ነው፤ ስለዚህ ዳዮዶቹ ክንፍ ባለው አሉሚኒየም ላይ ይታሰራሉ።

በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ዳዮዱን ኮንኖ ወደ ማብሪያው ተመለሰ። እኛ ግን በዚህ ፍርድ አንስማማም። ጥፋተኛው ሬጉላተሩ የሚለካበት ቦታ ነበር እንጂ ዳዮዱ አልነበረም። ሬጉላተር የአልተርኔተሩን ቮልት የሚወስነው በመለኪያ ሽቦው የሚያገኘውን አይቶ ነው፤ ሽቦው ከዳዮዱ በፊት ከታሰረ 14.2 ደርሷል ብሎ ይረካል፤ ባትሪው ምን እንደደረሰው አያውቅም። ያንኑ ሽቦ ከዳዮዱ ወዲያ ወስደው በባትሪው ጫፍ ላይ ቢያስሩት ሬጉላተሩ የጎደለውን አይቶ አልተርኔተሩን ወደ 14.9 ያወጣዋል፤ ባትሪውም ድርሻውን ያገኛል። የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር ቀጭን ሽቦ ነበር። ሆኖም ሬጉላተሩ በአልተርኔተሩ ሆድ ውስጥ ተደፍኖ መሸጥ ከተጀመረ ወዲህ ይህን ማድረግ ለተራው ሰው አስቸጋሪ ሆነ፤ መሣሪያውን ለመኪና የሠሩት ሰዎች አንድ ባትሪ ብቻ እንደሚኖር አስበው ነበርና። እንግዲህ የጀልባው ሰው ችግር የመነጨው በከፊል ለሌላ ኑሮ የታሰበ ዕቃ ገዝቶ በመጠቀሙ ነው። አንዱን ብቻ ከሁለት ምድቦች የመለካት ችግርም ይቀራል፤ ሬጉላተሩ የሚያየው አንዱን ነው፤ ሌላው በእርሱ ዕድል ይኖራል።

ሌላው መንገድ ሪሌይ ነው። መጀመሪያ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር ታስሮ ሞተሩ ሲነሣ ሁለቱን ምድቦች የሚያገናኝ፥ ሲጠፋ የሚለያይ ነበር። ነገር ግን ቁልፉ እንደዞረ፥ አልተርኔተሩ ገና ሳይሰጥ፥ የደረቀው ምድብ ከሞላው ጋር ስለሚገናኝ በመካከላቸው ብርቱ ኃይል ይፈሳል። ስለዚህ ቮልት የሚለካ ሪሌይ ተሠራ። ባትሪው እየተሞላ መሆኑን የሚያውቀው ቮልቱ ከ13.3 አካባቢ ሲያልፍ ነው፤ ያን ጊዜ ያገናኛል፤ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያያል። ይህ የቀድሞው ካታውት ራሱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ቀረጡ እንደ መዳብ ማብሪያው ኢምንት ነው፤ እንደ ዳዮዱም ሰው አያስፈልገውም። ለእርሳስ ባትሪ ከዚህ የሚሻል ቀላል መሣሪያ አላገኘንም።

«ለእርሳስ ባትሪ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጆን ጉዲነፍ ቡድን የሊቲየም ብረት ፎስፌትን ለባትሪ የሚሆን መሆኑን አሳየ፤ ከዓመታት በኋላም ይህ ባትሪ በጀልባዎች ላይ እርሳሱን ይተካ ጀመር። ቀላል ነው፤ ጥልቅ ድረስ ቢወጣበትም አይጎዳም። ነገር ግን ሞልቶ ሲያርፍ ቮልቱ ከ13.2 በላይ ሆኖ ይቆያል፤ ኃይሉ አብዛኛው እስኪወጣ ድረስም ብዙ አይወርድም። እንግዲህ በ12.8 የሚለያየው ሪሌይ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም አልተርኔተሩ እየሠራ ይመስለዋል፤ ሁለቱን ምድቦች እንዳያያዘ ያድራል። በዳዮድ ወይም በሪሌይ ቢያያዙትም ሌላ ጣጣ አለ። የእርሳስ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለውን አምፔር እየቀነሰ አልተርኔተሩን ያሳርፈዋል፤ ሊቲየሙ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ የተሰጠውን ሁሉ ይውጣል። ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲዞር የአልተርኔተሩም ማራገቢያ ዝግ ስለሚል ሙቀቱ መጠምጠሚያ ሽቦውን ያቃጥለዋል። የሊቲየሙ ጠባቂ መሣሪያ አደጋ አይቶ ባትሪውን በድንገት ከቆረጠ ደግሞ ያ ክብ ማብሪያ «ዝግ» ላይ ሲያልፍ ይደርስ የነበረው የዳዮድ መቃጠል እንደገና ይደርሳል።

እነሆ አንድ ደንበኛ አስተያየት በዚህ ይፈርሳል። የመሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ አዲሱ አሮጌውን እየሻረ ወደፊት እንደሚሄድ ተደርጎ ይነገራል። እኛ ያየነው ግን ባትሪው በተለወጠ ቁጥር የተዘጋው ጥያቄ እንደገና ሲከፈት ነው፤ ዳዮዱ፥ ሪሌዩና የመዳብ ማብሪያው ዛሬም በአንድ ዕቃ መደብር ጎን ለጎን ይሸጣሉ።

ዛሬ ብዙ የጀልባ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚመርጡት አሠራር አልተርኔተሩን በቀጥታ ለአገልግሎት ምድቡ ሰጥቶ፥ ሬጉላተሩ የአልተርኔተሩን ሙቀት እንዲለካ አድርጎ፥ ከዚያ ምድብ ደግሞ ቮልት በሚያስተካክል ትንሽ መሙያ በኩል የማስነሻ ባትሪውን መመገብ ነው። በዚህ ረገድ የተገለበጠውን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ይገባል። ቀድሞ የማስነሻው ባትሪ እንደ በኵር ልጅ መጀመሪያ ይጠግብ፥ ሌላው የተረፈውን ያገኝ ነበር፤ የሕይወት ጉዳይ ነው ይባል ነበርና። አሁን መጀመሪያ የሚቀበለው የሚበላው ነው፤ የማስነሻው ባትሪ በየቀኑ የሚያጣው መጀመሪያ ላይ ያሰላነው ያ ከ0.3 አምፔር ሰዓት ያነሰ ኃይል ስለሆነ፥ ጥቂት አምፔር የሚያንጠባጥብ ሽቦ ይበቃዋል። አራት ቦታ ያለው ክብ ማብሪያም ከብዙ ጀልባዎች አልወጣም፤ «ሁለቱም» የሚለው ቦታው አንደኛው ባትሪ በሞተበት ቀን ከሌላው ተበድሮ ሞተር ለማስነሣት ተጠብቆ ይቀመጣል።